«መክረን እንመልሳለን»፦ ቀለበት ላሰረችው የእህቴ ልጅ

ልጄ፣ እናትሽ እንደነገረችኝ በሚቀጥለው ወር ከሚዜዎችሽ ጋር ወደ ሙሽሮች ኤክስፖ ልትሄጂ ነው። ሂጂ፤ ማንም አይከለክልሽም። እኔ ግን ዋሽንግተን ዙሪያ ባሉ ሆቴሎች የግብዣ ክፍል ውስጥ ሳህን ሳነሳና ቡና ስቀዳ ያረጀሁ ሰው ነኝ። ቅዳሜና እሁድ ሠርግ የምናስተናግድበት አዳራሽ በሥራ ቀን ማታ ለሻጭ ይከራያል። ከሻጮቹ መካከል ደግሞ ሊጋቡ የተዘጋጁ ጥንዶችን ብቻ እየመረጡ የሚጠሩ ነበሩ። ተጋባዡ የሚሰማው ፊት ለፊት የሚነገረውን ነው፤ ትሪ ይዞ ከጓዳ የሚመላለስ ሰው ግን ሌላም ሌላም ይሰማል። የምጽፍልሽ ያንን ነው።

1. መጀመሪያ ለምን እናንተ እንደተፈለጋችሁ እወቂ።

እኛ አገር የሠርግ ወር ጥር ነው። እዚህ አሜሪካ ደግሞ ከታንክስጊቪንግ እስከ ቫለንታይን ቀን ድረስ ቀለበት የሚያስረው ሰው ስለሚበዛ፣ የሙሽሮች ኤክስፖ በብዛት የሚዘጋጀው በጃንዋሪና በፌብሩዋሪ ነው። ለሻጭ ከእጮኛሞች የተሻለ ገበያ የለም። ቀናቸው ተቆርጧል፣ ገንዘብ ለማውጣት ወስነዋል፣ ሁለት ደመወዝ አላቸው፣ የጋራ ዕቃ ግን ገና የላቸውም። በዚያ ላይ ደስ ብሏቸዋል። ለአንድ ጫማ ሦስት ሱቅ የምትዞሪው አንቺ እንኳ ለሠርግሽ ሲሆን «በሕይወት አንዴ ነው» ብለሽ ዋጋ ሳትጠይቂ ልታልፊ ትችያለሽ። ሻጩ ይህን ካንቺ ቀድሞ ያውቃል።

2. የዕጣ ካርዱን እንደ ዕጣ ሳይሆን እንደ መዝገብ ቁጠሪው።

በየዳሱ «ነፃ የጫጉላ ሽርሽር ያሸንፉ» የሚል ጽሑፍ ታያለሽ። ድሮ ካርድ ተሞልቶ ብርጭቆ ሳህን ውስጥ ይጣል ነበር፤ አሁን በስልክ ይሞላል። የሚጠይቀውን ልብ በይ፦ ስም፣ ስልክ፣ አድራሻ፣ የእጮኛሽ ስም፣ የሠርጉ ቀን፣ የሁለታችሁ ዕድሜ፣ የቤተሰብ ገቢ። ዕጣ ለማውጣት ስም ይበቃል፤ የደመወዛችሁ ልክ ለምን አስፈለገ? ዕጣው በእርግጥም ሊወጣና አንድ ጥንድ ሊደርሰው ይችላል። የቀሩት ስሞች ግን ቆሻሻ ውስጥ አይገቡም፤ ለሻጭ ይተላለፋሉ፣ ከእጅ ወደ እጅም ይሸጣሉ።

ከታች በደቃቅ ፊደል የተጻፈውን ሳታነቢ ምልክት አታድርጊ። አብዛኛውን ጊዜ «አዘጋጁና አጋሮቹ እንዲደውሉልኝና መልእክት እንዲልኩልኝ ፈቅጃለሁ» ይላል። እ.ኤ.አ. ከ2003 ጀምሮ ሻጭ እንዳይደውልብሽ ቁጥርሽን የምታስመዘግቢበት የፌዴራል መዝገብ አለ፤ በ1-888-382-1222 ከራስሽ ስልክ ብትደውዪ ይመዘግብሻል። በእጅሽ የሰጠሽው ፈቃድ ግን ያንን አጥር ያስከፍተዋል። ኤክስፖው የግድ ኢሜይል ከጠየቀ ለሠርጉ ብቻ የሚሆን አዲስ ኢሜይል ክፈቺ፤ የስልኩንና የገቢውን ቦታ ባዶ ተዪው።

አንድ ነገር ልጨምር። የእኛ ሴት ስታገባ የአባቷን ስም አትለውጥም። ገና ሳትጋቡ አንድ ሰው ደውሎ «ሚስስ» ብሎ በእጮኛሽ አባት ስም ከጠራሽ፣ ስምሽን ያገኘው ከካርዱ እንደሆነ አትጠራጠሪ።

3. «አሸንፋችኋል» ብሎ ገንዘብ የጠየቀሽን ሰው ስልኩን ዝጊበት።

ይህን ለሐበሻ ማስረዳት ከባድ አይመስለኝም፤ በዲቪ ስንቱ ተማረበት። የዲቪ ዕጣ እንደወጣለት ለማወቅ ሰው ራሱ የመንግሥቱ ድረ ገጽ ገብቶ በማረጋገጫ ቁጥሩ ያያል፤ «ደርሶሃል፣ ይህን ያህል ላክ» የሚል ኢሜይል የሌባ ነው። የጫጉላውም ዕጣ ከዚህ አይለይም። በአሜሪካ ሕግ እውነተኛ ሽልማት ለመቀበል መክፈል የለም፤ መክፈል ዕድልሽን አያሳድግም፤ በስልክ የሚደውለው ሻጭም መግዛት ግዴታ እንዳልሆነ፣ ዕድሉ ስንት ለስንት እንደሆነና ከሽልማቱ ጋር ያለውን ወጪና ቅድመ ሁኔታ የመናገር ግዴታ አለበት።

«ግብር ነው፣ የወደብ ክፍያ ነው፣ የፋይል ማስከፈቻ ነው» ይሉሻል። በሽልማት ላይ ግብር መኖሩ እውነት ነው፤ ነገር ግን ግብሩ የመንግሥት ነው፣ ለደወለው ሰው በዜል ወይም በጊፍት ካርድ አይከፈልም።

4. ነፃ ጉዞ የሚለውን ሰርተፊኬት ከፊቱ ይልቅ ከጀርባው አንብቢ።

ፊቱ ላይ የባሕር ዳርቻና ዘንባባ አለ። ጀርባው ላይ ደግሞ፦ የአውሮፕላን ትኬት አይጨምርም፤ መመዝገቢያ ይከፈላል፤ ከብዙ ሳምንት በፊት ሦስት የተለያዩ ቀኖች መርጣችሁ በፖስታ ትልካላችሁ፤ በዓልና የበዓል ዋዜማ አይቻልም፤ የመረጣችሁት ቀን ካልተገኘ እንደገና ትልካላችሁ። የሰጣችሁ ድርጅት ለጉዞው አይጠየቅም፤ ወረቀቱን ከሌላ ድርጅት በጅምላ ገዝቶ ነው የሚያድለው። ሠርጋችሁ ከፋሲካ በኋላ ባለው ሳምንት ከሆነና ወዲያው ለመሄድ ካሰባችሁ ይህ ወረቀት ለእናንተ አልተሠራም።

5. «ሁለታችሁም መምጣት አለባችሁ» ሲሉሽ እዚያ ላይ ቁሚ።

ካርዱን ከሞላሽ በኋላ ከሚመጣው የነፃ እራት ግብዣ ጋር ይህች ቅድመ ሁኔታ አትጠፋም፦ ጥንዶቹ አብረው መጥተው ገለጻውን 90 ደቂቃ ካልተከታተሉ ስጦታው የለም። ሲሰሙት ጨዋነት ይመስላል። ምክንያቱ ሌላ ነው። አንዷ ብቻዋን ከመጣች «እጮኛዬን ልጠይቅ» ብላ ትወጣለች፤ ሁለቱ አብረው ካሉ የሚጠየቅ ሰው የለም።

ክፍሉን ላሳይሽ። ጠረጴዛው ትንሽና ክብ ነው፣ ለአንድ ጥንድና ለአንድ ሻጭ። ሻጩ ፊት ለፊት አይቀመጥም፤ ወንበሩን በመካከላችሁ ያስገባል፣ በዓይን እንኳ እንዳትጠቃቀሱ። ሙዚቃው ከፍ እንዲል ይታዘዛል፣ ከጎን ያለው ጥንድ «አንፈልግም» ሲል እንዳትሰሙ። እኛ አስተናጋጆቹ ሰላጣውንና ዶሮውን ቶሎ እንድናቀርብ፣ ኬኩን ግን የውል ወረቀቱ እስኪመጣ ጓዳ እንድናቆይ ይነገረን ነበር፤ እራቱ ያላለቀ ሰው ተነሥቶ ለመሄድ ያፍራልና። ከዚያ አንድ ጥንድ ሲፈርም ሻምፓኝ እንከፍታለን። ጠርሙሱ ሲፈነዳ አዳራሹ ያጨበጭባል። ያ ድምፅ ለፈረሙት አይደለም፤ ላልፈረሙት ነው።

አንድ ማታ ከሻጮቹ አንዱ ጓዳ ገብቶ ቆሞ ዳቦ እየበላ ለባልደረባው ምን ሲል ሰማሁ መሰለሽ? ዛሬ ማታ ከበሩ የወጣ ሰው ነገ አይመለስም፣ ስለዚህ እንዳታስወጣቸው። ልጁ ክፉ ሰው አልነበረም፤ ለእኔ ሁልጊዜ ጉርሻ ይተውልኝ ነበር። ግን የያዘው ዕቃ አንድ ሌሊት ቢታሰብበት እንደማይሸጥ አሳምሮ ያውቃል። እዚያ ቤት ስሠራ ከሰማሁት ሁሉ ዋናው ይህ ነው፤ ሌላውን ሁሉ ብትረሺ ይህን ያዢ።

6. ዋጋው ሲወርድ ደስ አይበልሽ።

በእነዚያ እራቶች ከሚሸጡት አንዱ «የጉዞ ክለብ» አባልነት ነው፤ መጀመሪያ ሻጩ 9,000 ዶላር ይጠራል። እምቢ ስትሉ «ሥራ አስኪያጁ» የተባለ ሰው ይመጣል፤ በቀስታ ያወራል፣ ስለ ሠርጋችሁ ይጠይቃል፣ 6,000 ያደርገዋል። ኮት ስታነሡ ሦስተኛው ሰው በር ላይ ያገኛችኋል፤ 3,500፣ ለዛሬ ማታ ብቻ። ከግማሽ በላይ የወረደ ነገር መጀመሪያውኑ ዋጋ አልነበረውም።

በወር ስንት እንደሆነ ብቻ ሲነግሩሽም ስልክሽን አውጥተሽ አባዢ። 3,500 ዶላር በ18 በመቶ ወለድ ለ5 ዓመት ሲበተን በወር 89 ዶላር ገደማ ይመጣል። ለጆሮ ቀላል ነው። በ60 ወር ሲባዛ ግን 5,340 ዶላር ይሆናል። ያ ገንዘብ ለመልሱ ድግስ ስንት በግ እንደሚገዛ አባትሽን ጠይቂ።

7. ስለ ድስቱ።

ይህን ለብቻው የጻፍኩት ወገኖቻችን ቤት ደጋግሜ ስላየሁት ነው። «ጤናማ ድስት» የሚሉት፣ ስብስቡ ከ2,000 ዶላር በላይ የሚሸጥ፣ ለሙሽሮች በእራት ግብዣ የሚቀርበው። ዕቃው መጥፎ አይደለም፤ ደህና ብረት ነው። ጣጣው ዋጋውና ማሳያው ላይ ነው። ሻጩ ውሃና ቤኪንግ ሶዳ በአንቺ ድስትና በእሱ ድስት ያፈላና በማንኪያ ያስቀምስሻል። የአንቺው ይመራል። «ስትበይ የኖርሽው ይህን ብረት ነው» ይልሻል። ሶዳ በውሃ ሲፈላ በራሱ ይለወጥና ይመራል፤ ይበልጥ የፈላው ይበልጥ ይመራል፤ አሉሚኒየም ከሆነ ደግሞ ሶዳው ራሱ ብረቱን ይበላዋል። ዶሮ ወጥ በሶዳ የሚሠራ ሰው ካለ ይጠንቀቅ፤ ሌላው ግን ምን አገባው?

ደግሞ «ያለ ውሃና ያለ ዘይት ያበስላል» ብለው ሲያስደንቁን ይገርመኛል። ሴት አያትሽ ቁሌቷን ስትሠራ ሽንኩርቱን ደረቁን ነበር የምታበስለው፤ ያውም በሸክላ ድስት፣ በወር የሚከፈል ዕዳ ሳይኖርባት።

8. እምቢ ማለት ካሳፈረሽ እምቢ አትበዪ፤ «መክረን እንመልሳለን» በዪ።

ባህላችን ለዚህ የተዘጋጀ መልስ አለው። የእጮኛሽ ሽማግሌዎች እናትሽ ቤት ሲመጡ ምን ተባሉ? ሰዎቹ የተከበሩ ነበሩ፣ ልጁንም ሁላችንም ወደነዋል፤ ቢሆንም በመጀመሪያው ቀን «እሺ» ያለ ሰው አልነበረም። «ዘመድ እናማክር፣ ቀን ስጡን» ተባለና ተመለሱ። አልተቀየሙም። ልጅ ለመስጠት እንኳ ቀጠሮ የሚጠይቅ ቤተሰብ ለድስትና ለጉዞ ክለብ በአንድ ማታ የሚፈርምበት ምክንያት ምንድን ነው?

ሻጩ ግን ይቀየማል፤ ምልክቱም ያ ነው። «ትልቅ ሰው አይደላችሁም? በራሳችሁ መወሰን አትችሉም?» ይላችኋል፤ አንዳንዱ ወደ እጮኛሽ ዞር ብሎ «እዚህ ቤት ወሳኙ ማን ነው?» ብሎ ወንድነቱን ሊነካ ይሞክራል። ስለዚህ ከቤት ሳትወጡ ከእጮኛሽ ጋር ተስማሙ፦ የትም ቦታ፣ ምንም ይሁን፣ በዚያው ቀን አንፈርምም፣ ካርድም አንሰጥም። ውሉን ወደ ቤት ይዘን ሄደን እናንብብ በዪ። ካልሰጡሽ ነገሩ አልቋል፤ ኮትሽን አንሺ። ኬኩን ሳትበዪ ብትወጪ አስተናጋጁ አይከፋውም።

9. ፈርመሽ ከሆነ ቀኑን ቁጠሪ።

ኤፍቲሲ የሚባለው የፌዴራል ንግድ ኮሚሽን «የማቀዝቀዣ ደንብ» አለው። ሻጩ ቤትሽ መጥቶ 25 ዶላርና ከዚያ በላይ፣ ወይም እንደ ሆቴል አዳራሽና ኤክስፖ ባለ ጊዜያዊ ቦታ 130 ዶላርና ከዚያ በላይ ከሸጠልሽ፣ እስከ ሦስተኛው የሥራ ቀን እኩለ ሌሊት ድረስ ያለ ምክንያት መሰረዝ ትችያለሽ። ቅዳሜ የሥራ ቀን ነው፤ እሁድና የፌዴራል በዓላት አይቆጠሩም። ሐሙስ ማታ ከፈረምሽ፣ ዓርብ አንድ፣ ቅዳሜ ሁለት፣ ሰኞ ሦስት፤ ሰኞ እኩለ ሌሊት ያበቃል። ሻጩ የመሰረዣውን ቅጽ በሁለት ቅጂ ሊሰጥሽ ይገባል። ባይሰጥሽ ራስሽ በደብዳቤ ጻፊ፣ ፖስታ ቤት ሄደሽ ደረሰኝ ባለው በሰርቲፋይድ ፖስታ ላኪው። ስልክ መደወል አይበቃም፤ «ሰርዤልሻለሁ» የሚል ለስላሳ ድምፅ ማስረጃ አይሆንም። ገንዘብሽን በ10 የሥራ ቀን ውስጥ ሊመልሱልሽ ይገባል።

ይህ ደንብ ብዙ ሰው የማያውቀው አንድ አንቀጽ አለው፤ ውሉ ሽያጩ በተነገረበት ቋንቋ መጻፍ አለበት። የእኛ ሰው ቤትሽ መጥቶ በአማርኛ አሳምኖሽ በእንግሊዝኛ ብቻ ካስፈረመሽ ደንቡን ጥሷል። ይህን የምልሽ በምክንያት ነው። ለአንዳንድ ድርጅት የሚሸጡልን የራሳችን ልጆች ናቸው፤ የቤተ ክርስቲያን ወንድም፣ የአክስት ልጅ፣ የእቁብ ጓደኛ። ይሉኝታችን ውሉን እንዳናነብ ያደርገናል። ይሉኝታ ለሰው እንጂ ለወረቀት አይደለም፤ ሰውየውን አክብሪው፣ ቡና አጠጪው፣ ወረቀቱን ግን አስቀርተሽ ሸኚው።

ታይምሼር የሚሉት የእረፍት ቤት ድርሻ ግን በዚህ ደንብ አይገባም፤ የየስቴቱ ሕግ ነው የሚገዛው። ቨርጂኒያ 7 ቀን ትሰጣለች፣ ፍሎሪዳ 10። የመሰረዣው ቀን ውሉ ውስጥ ስለሚጻፍ ገጹን ፈልጊ። በሱቅ፣ በስልክ ወይም በኢንተርኔት ብቻ የገዛሽውም በሦስት ቀኑ ደንብ አይሸፈንም።

10. ቀብድ በክሬዲት ካርድ ክፈዪ።

በጥሬ ገንዘብም በዜልም አይሁን። እ.ኤ.አ. በጁላይ 2017 አልፍሬድ አንጄሎ የሚባል ትልቅ የቬሎ ድርጅት በድንገት ከስሮ ከ60 በላይ ሱቆቹን ዘጋ፤ ከፍለው ቬሏቸውን ያልተረከቡ ሙሽሮች ከተቆለፈ በር ፊት ቆመው ቀሩ። እንዲህ ሲሆን በክሬዲት ካርድ የከፈለ ሰው ባንኩን የሚሞግትበት ሕግ አለው፤ ክፍያው መጀመሪያ የታየበት ቢል ከተላከ በ60 ቀን ውስጥ በጽሑፍ ማመልከት ነው። በጥሬ የከፈለ ሰው ለኪሳራው ፍርድ ቤት ወረፋ ይይዛል።

ለኤክስፖው ትኬትም ቢሆን አዳራሹ ደውለሽ ጠይቂ። እ.ኤ.አ. በ2010 ቦስተን ላይ የሙሽሮች ትርኢት ተብሎ በኢንተርኔት ትኬትና ዳስ ተሸጧል፤ ይደረግበታል የተባለው የሃይንስ ኮንቬንሽን ሴንተር ግን እንዲህ ያለ ዝግጅት አልተያዘበትም ነበር። ለአዳራሽ መደወል ሁለት ደቂቃ ነው። እኛ ጓዳ ውስጥ ያለን ሰዎች እንኳ የሳምንቱን ዝግጅት ዝርዝር ግድግዳ ላይ ለጥፈን ነው የምንሠራው፤ የሚጠየቅ ሰው አይጠፋም።

11. ኤክስፖው ላይ የሚጠቅመውን ይዘሽ ተመለሺ።

ኬክ ቅመሺ። የፎቶግራፍ አንሺዎቹን አልበም ከዳር እስከ ዳር ግለጪ፤ ምርጦቹን ሦስት ፎቶ ሳይሆን የአንድ ሠርግ ሙሉ ሥራ አሳዩኝ በዪ። የዴኮርና የዲጄ ዋጋ ጠይቀሽ ጻፊ፣ ከእኛው ሰዎች ዋጋ ጋር አስተያዪ። ሚዜዎችሽ ካርድ እየሞሉ ስምሽን እንዳያስገቡ ንገሪያቸው፤ ለአንቺ የሚያስቡ መስሏቸው ነው የሚያደርጉት።

12. ከተበላሸ አትደብቂ።

ሠርግ ላይ የተታለለ ሰው ያፍርና ዝም ይላል፤ ሻጩም የሚተማመነው በዚህ ነው። ለኤፍቲሲ በ1-877-382-4357 ደውለሽ አስተርጓሚ ጠይቂ። ከዚያ ላለሽበት ስቴት ጠቅላይ ዐቃቤ ሕግ የሸማቾች ክፍል አመልክቺ፤ ዲሲ ውስጥ ከሆንሽ እ.ኤ.አ. ከ2004ቱ የቋንቋ ሕግ ወዲህ መሥሪያ ቤቶቹ በአማርኛ ማስተናገድ አለባቸውና አንገትሽን ቀና አድርገሽ ግቢ። ውሉን፣ የግብዣ ወረቀቱን፣ የደወሉበትን ቁጥርና ሰዓት፣ የፖስታውን ደረሰኝ አንድ ላይ አስቀምጪ።

ኤክስፖው እስኪደርስ ግን፣ እናትሽ ባለፈው ሳምንት በስልክ የነገረችኝ፣ እጮኛሽ የፈረመባት የአዳራሽ ወረቀት የምትባል ነገር አለች። የእያንዳንዱን ገጽ ፎቶ አንስተሽ ዛሬ ማታ ላኪልኝ፤ የፈረመበት ቀን ደግሞ እንዲታይ።